አስነሥቶ የሚለቅ፦ የነጠላ ፌዝ ሞተር ማስነሻ ስዊች ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬውን ገለጻ የምጀምረው አንድ ዕቃ በእጃችሁ በማስያዝ ነው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉት። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክብ ነው፤ መሐሉ ዘንግ እንዲያሳልፍ ተበስቷል፣ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ክብደቶች በቀጫጭን ሞላዎች ተይዘዋል። ሁለተኛው ዝርግ ነው፤ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሰሌዳ ላይ መገናኛ ነጥቦች ተገጥመውበታል። ክብደቶቹን በጣታችሁ ወደ ውጭ ብትገፏቸው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ንግግሬ ስለዚህ ድምፅ ነው።

ዕቃው ሴንትሪፉጋል ስዊች ይባላል። የሚቀመጠው በነጠላ ፌዝ ሞተር የኋላ ክዳን ውስጥ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ የማስነሻውን ጥቅል ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ይቆያል፤ ሞተሩ ከፍጥነቱ ሦስት አራተኛውን ጥቂት ሲያልፍ ግንኙነቱን ይቆርጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ታሪክ ሲጻፍ ዟሪውን መግነጢሳዊ መስክ ያገኙት ሊቃውንት ይወሳሉ፤ ይገባቸዋልም። እኔ የምለው ግን ሞተሩ ከትልቁ ፋብሪካ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ ትንሿ ወርክሾፕ እንዲገባ ያስቻለው ይህ ስም የለሽ ዕቃ ከነመሰሎቹ ነው። ከዚያም አልፎ፣ በአገራችን ብዙ ሞተሮች ያለ ዕድሜያቸው የሚቃጠሉት የዚህ ዕቃ ታሪክ ስለማይታወቅ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማስረዳት ወደ ኋላ ላይ አንድ የገጠመኝን ነገር አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1888 ነው። በዚያ ዓመት ማርች ወር ጋሊሌዮ ፌራሪስ በቱሪን የሳይንስ አካዳሚ ፊት የምርምሩን ውጤት አቀረበ፤ በሜይ ወር ደግሞ ኒኮላ ቴስላ ፓተንቶቹን ተቀብሎ በኒው ዮርክ ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ንግግር አደረገ። ሁለቱም የደረሱበት ሐሳብ አንድ ነው። ሁለት ጥቅሎች በቀጥታ ማዕዘን ተቀምጠው፣ አንደኛው ከሌላው ጥቂት ዘግይቶ የሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቢሰጣቸው፣ በመካከላቸው ያለው መግነጢሳዊ መስክ ይዞራል፤ ሮተሩም ይከተለዋል። በማግሥቱ ዓመት በርሊን ውስጥ በኤ.ኢ.ጂ. ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነገሩን ወደ ሦስት ፌዝ ወሰደው። በ1891 በፍራንክፈርት ኤግዚቢሽን ላይ ከላውፈን 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣው ኃይል የሦስት ፌዝን ብልጫ ለዓለም አሳየ። የሦስት ፌዝ ሞተር መስኩ በተፈጥሮው ስለሚዞር ራሱን በራሱ ያስነሣል። ስዊቻችንን አይፈልግም።

የመማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆሙታል። በቤት ደጃፍ ላይ የደረሰው ኤሌክትሪክ ግን ሦስት ፌዝ አልነበረም። ለመብራት ተብሎ የተዘረጋ የሁለት ሽቦ መስመር ነበር፤ ተጨማሪ ሽቦ ደግሞ ተጨማሪ ወጪ ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው። ለፋብሪካና ለትልልቅ ወፍጮዎች 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ይገባል፤ ለመኖሪያ ቤትና ለአብዛኛው ትንሽ ወርክሾፕ የሚገባው 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ ነው።

በነጠላ ፌዝ መስመር ላይ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ሞተር ቢታሰር ምን ይሆናል? መስኩ አይዞርም፤ በአንድ መስመር ላይ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል። ይህን የሚገለባበጥ መስክ ፍጥነታቸው እኩል የሆነ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት መስኮች አድርገን ልናየው እንችላለን። ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ገመድ እንደሚጓተቱ አስቡ፤ ገመዱ ይወጠራል እንጂ አይሄድም። ሞተሩም እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም። አስገራሚው ነገር ግን፣ ዘንጉን በእጃችሁ ወደ አንዱ አቅጣጫ ገፋ ካደረጋችሁት፣ በዚያው አቅጣጫ ያለው መስክ ያይልና ሞተሩ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ብትገፉት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ብትገፉት ወደ ግራ። አንዴ ከተነሣ በኋላ የማንንም እርዳታ አይሻም።

እንግዲህ ችግሩ የመነሻው ቅጽበት ብቻ ነው። መፍትሔውን ቴስላ ራሱ በፓተንቶቹ ጠቁሞታል፤ ከዋናው ጥቅል ጎን ቀጭን ሽቦ ያለው ሁለተኛ ጥቅል ይጨመራል። ቀጭን ሽቦ የመቋቋም አቅሙ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በእርሱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በዋናው ጥቅል ከሚያልፈው ይቀድማል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሮተሩን ለማስነሣት ግን ይበቃል። ይሁንና ይህ ቀጭን ጥቅል ለቅጽበት የተሠራ ነው። ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ ለረጅም ሰከንዶች ከቆየ ሽፋኑ ይጨሳል፣ ቀጥሎም ይነዳል። ያስነሣው እርዳታ በጊዜው ካልተቋረጠ አጥፊ ይሆናል።

ታዲያ ማን ያቋርጠው? በመጀመሪያ ያቋርጠው የነበረው የሰው እጅ ነው። ሠራተኛው ማስነሻውን ይዞ ይቆማል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ ፍጥነት መያዙን ሲያረጋግጥ ይለቃል። በፋብሪካ ለዚሁ የተመደበ ሰው ስላለ ይህ ያስኬዳል። ልብስ በምታጥብ እናት ቤት፣ ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ብቻውን በሚነሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አያስኬድም። የነጠላ ፌዝ ሞተር በቤት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ከተፈለገ፣ ያ የሚያዳምጥና የሚለቅ ሰው በሞተሩ ሆድ ውስጥ መግባት ነበረበት።

ፍጥነትን የሚለካ መሣሪያ አዲስ ነገር አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዘመን ክርስቲያን ሁይገንስ በሚዞሩ ክብደቶች ፍጥነትን ስለ መቆጣጠር አስቧል፤ የንፋስ ወፍጮዎችም ይህን መሰል መሣሪያ ኖሯቸዋል። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ ገጠመው። ሁለት የብረት ኳሶች ከዘንግ ጋር ይዞራሉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱም የእንፋሎቱን በር ያጠባሉ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ስለዚህ መሣሪያ የጻፈው ጽሑፍ ዛሬ ለቁጥጥር ምሕንድስና መሠረት ከሚባሉት አንዱ ነው። ነገር ግን የዋት መሣሪያ ያለማቋረጥ የሚለካና የሚያስተካክል ነው፤ ጥቂት ሲፈጥን ጥቂት ያጠባል። የእኛ ስዊች እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይቃጠል ነበር። ግማሽ የተከፈተ የኤሌክትሪክ መገናኛ እሳት ይረጫል፣ ነጥቦቹም ይቀልጣሉ። የሚፈለገው ወይ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ በመካከሉም የማያመነታ መሣሪያ ነው።

ከቀደምቶቹ መፍትሔዎች መካከል የኤንግልበርት አርኖልድ ሥራ ይጠቀሳል። አርኖልድ ኋላ በካርልስሩኸ ፕሮፌሰር የሆነ መሐንዲስ ነው። የእርሱ ሞተር በኮሙቴተርና በብሩሽ ይነሣና፣ ፍጥነቱ ሲደርስ በዘንጉ ላይ ያሉት ክብደቶች ኮሙቴተሩን እርስ በርሱ አገናኝተው ሞተሩን ተራ የኢንደክሽን ሞተር ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹ ብሩሾቹን ጭምር ያነሡ ነበር። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በ1891 የተቋቋመው ዋግነር ኩባንያ ይህን ዓይነቱን ሞተር በማምረት ስም አተረፈ። ጠንካራ መነሻ ነበረው፤ ግን ውድና ውስብስብ ነበር። በ1920ዎቹ የልብስ ማጠቢያና የማቀዝቀዣ ገበያ ሲሰፋ ርካሹ ሞተር ቦታውን እየወሰደ መጣ፤ ይኸውም ቀጭን ጥቅልና በእጃችሁ የያዛችሁት ስዊች ያለው ነው።

እስኪ አሁን ስዊቹን በደንብ እንየው፤ ብልሃቱ ከሞላውና ከክብደቱ አቀማመጥ ላይ ነው። በሚዞር ክብደት ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በክብደቱ፣ ከዘንጉ ባለው ርቀትና በፍጥነቱ። ፍጥነቱ ግን በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ በዝግታ ሲነሣ ሞላው ክብደቱን ያለ ችግር ይይዘዋል። ወደ ተወሰነው ፍጥነት ሲቃረብ ክብደቱ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ሲንቀሳቀስ ከዘንጉ ይርቃል፤ ሲርቅ የሚገፋው ኃይል ይጨምራል፤ ሲጨምር ይበልጥ ይርቃል። ስለዚህም አያመነታም፣ በአንድ ጊዜ ይሸሻል። «ቀጭ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ክብደቱ ከዘንጉ ርቆ ስላለ፣ ሞላው መልሶ የሚያሸንፈው ፍጥነቱ ከመክፈቻው በእጅጉ ሲወርድ ነው። ይህ በመክፈቻና በመዝጊያ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት በሥራ ላይ ያለ ሞተር ጭነት በከበደበት ቁጥር ስዊቹ እንዳይንቀጠቀጥ ይጠብቀዋል። ለእኔ ይህ ከዋት መሣሪያ ያላነሰ ብልሃት ነው፤ የፈልሳፊዎቹን ስም ግን በምሕንድስና ትምህርታችን ውስጥ አንጠራም።

ርካሽ የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች በገበያ ላይ ሲበዙ፣ በተለይ በ1930ዎቹ፣ ከማስነሻው ጥቅል ጋር ካፓሲተር በተከታታይ ማሰር ተለመደ። የመነሻው ጉልበት ከሙሉ ጭነቱ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ቻለ። ግን ይህ ካፓሲተርም ለጥቂት ሰከንድ የተሠራ ነው፤ ሳይቋረጥ ከቆየ ያብጣል፣ ይፈነዳልም። የስዊቹ ኃላፊነት በዚህ ምክንያት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በማቀዝቀዣ ዘርፍ ብቻ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። መጭመቂያውና ሞተሩ በአንድ የታሸገ ቤት ውስጥ ሲገቡ እሳት የሚረጭ መገናኛ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ሊቀመጥ አልቻለም። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚያይ ሪሌይ፣ ኋላም ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የሚከለክል ትንሽ የሴራሚክ ቁራጭ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ስዊቾችም አሉ። አቧራና ጭነት በበዛበት ሞተር ውስጥ ግን የድሮው ስዊች ገና አለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሂድ። የእያንዳንዱ ስዊች ሞላ የሚወጠረው ለአንድ ፍጥነት ነው። ያ ፍጥነት ደግሞ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በሞተሩ ዋልታዎች ቁጥርና በመስመሩ ድግግሞሽ። ድግግሞሹ በ1890ዎቹ ለሁለት ተከፈለ። በአሜሪካ የዌስቲንግሃውስ ሰዎች 60 ኸርዝን መረጡ፤ በጀርመን ኤ.ኢ.ጂ. 50 ኸርዝን ይዞ አውሮፓ ተከተለው። ጃፓን ከሁለቱም ገዝታ እስከ ዛሬ ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ሆኖ ቀርቷል። እኛ የ50 ኸርዝ አገር ነን። አራት ዋልታ ያለው ሞተር በ60 ኸርዝ መስኩ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ይዞራል፤ በ50 ኸርዝ 1,500 ጊዜ። ስዊቹ ከዚህ ከ75 እስከ 80 በመቶው ላይ ይከፈታል ብንል፣ ለመጀመሪያው ከ1,350 እስከ 1,440፣ ለሁለተኛው ከ1,125 እስከ 1,200 ዙር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤት ዕቃ የሚሠራ ዘመዴ ለቫርኒሽ መርጫ የሚሆን የአየር ኮምፕሬሰር ገዛ። ዕቃውን ያመጣው ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሰ ሰው ነበር። የሞተሩ ሰሌዳ 220 ቮልት ይላል፤ ሁሉም ያንን አነበበ። ከሥሩ 60 ኸርዝ፣ 1,725 ዙር የሚለውን ያነበበ አልነበረም። (ከዱባይ ቢመጣ ኖሮ 50 ይሆን ነበር፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች በዚህ ይለያያሉ።) ሞተሩ በወሩ ተቃጠለ። ተጠቀለለ። እንደገና ተቃጠለ። ሦስተኛው ላይ እኔን ይዞኝ ጥቅለላ ቤት ሄደ። ጠቅላዩ በሥራው ያረጁ አዛውንት ነበሩ።

«ልጄ፣ የእኔ ጥፋት አይደለም» አሉኝ። «ዙሩን ቆጥሬ ነው የመለስኩት። ሽቦውም ያው ልኩ ነው። ይኸው ስማው።»

አስነሡት። ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለ ጭነት ተነሣ፤ «ቀጭ» አለ፤ በሰላም ዞረ። እውነታቸውን ነበር።

«አባባ፣ ማታ ከኮምፕሬሰሩ ጋር ሆኖ ቢሰሙትስ?»

«ማታማ እኔ ቤቴ ነኝ» ብለው ሳቁ።

ማታ ዘመዴ ጋ ሄድን። መብራቱ ደከም ብሎ ነበር፤ ብለካው 180 ቮልት ሆነ። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በ180 ቮልት የሚቀረው ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ሞተሩ ቀበቶውንና ፒስተኑን ይዞ ተነሣ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ ከ1,400 ዙር በታች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ቀጩ» አልመጣም። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የማውቀው የቫርኒሽ ሽታ መጣ፤ የዕቃዎቹ ሳይሆን የጥቅሉ። ስዊቹ አልተበላሸም። የተወጠረበትን ፍጥነት እየጠበቀ ነበር፤ ያ ፍጥነት ግን የሌላ አገር መስመር ፍጥነት ነው።

ማስተካከያው ሒሳብ ነው። 1,400 ላይ የሚከፈተውን ወደ 1,150 ለማውረድ የሞላው ውጥረት በፍጥነቶቹ ካሬ ጥምርታ ይቀንሳል፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ሞላውን ቆርጦ ያሳጥረዋል። የተቆረጠ ሞላ ግን ይጠነክራል እንጂ አይላላም። እኛ ቀጠን ያለ ሽቦ ያለው ሞላ ፈለግን። ክቡን ክፍል ፍጥነቱ ቀስ በቀስ በሚቀየር ቶርኖ ላይ አሰርነው፤ ዝርጉን ፊት ለፊቱ በልኩ ርቀት ገጠምነው፤ በመገናኛ ነጥቦቹ በኩል ባለ ባትሪ አምፖል አበራን። አምፖሉ የሚጠፋበትን ፍጥነት ስንመዘግብ አራተኛው ሞላ 1,160 ሰጠን። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለ60 የተሠራ ብረት በ50 ላይ ስለሚጠግብ ግን ከልኩ በላይ ይሞቃል። ይህን ስዊች አይፈታውም።

(በነገራችን ላይ ሞላ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የፌራሪስ አገር ቃላት ከእነ ንድፈ ሐሳቡ ቀድመው ወደ ወርክሾፖቻችን ገብተዋል።)

ምትክ ስዊች ፍለጋ ምናለሽ ተራ ስትወርዱ የምትጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የዘንጉ ውፍረት። ቀዳዳው ከገባ ዕቃው ይሸጣል። የዋልታውን ቁጥር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከሁለት ዋልታ የውሃ ፓምፕ የወጣ ስዊች ከ2,250 ዙር በላይ እንዲከፈት የተወጠረ ነው፤ በአራት ዋልታ ሞተር ላይ ቢገጠም መቼም አይከፈትም። በተገላቢጦሽ ቢገጠም ደግሞ በ3,000 ዙር ሞተር ላይ ገና ከፍጥነቱ 40 በመቶ ሳይሻገር ይለቃል፤ ሞተሩ አቅም ያንሰዋል፣ ይወርዳል፣ ስዊቹ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። ነጥቦቹ በአንድ ቀን ያልቃሉ። ሁለቱም ስህተቶች በዓይን አይታዩም፤ ሁለቱም ጥቅለላ ቤት ሲደርሱ «ጥቅሉ ተቃጥሏል» ተብለው ይመዘገባሉ።

ለምን አንድ ወጥ መለኪያ አልወጣለትም? የአሜሪካው ኔማ፣ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽንም በበኩሉ፣ የሞተርን ቁመት፣ የእግሮቹን ቀዳዳ፣ የዘንጉን ውፍረት ወስነዋል። የአንዱ ፋብሪካ ሞተር ሲበላሽ የሌላው በቦታው ይገባል። በክዳኑ ውስጥ ያለው ግን ለአምራቹ ተትቷል። ደንቡ የወጣው አሮጌውን ጥሎ አዲስ ለሚገዛ ሰው ነው። ጠጋኙ አልታሰበም። አሮጌ ሞተር በማይጣልበት አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ፋኩልቲ የመመረቂያ ሥራ የምትፈልጉ ተማሪዎች ብትኖሩ፣ በገበያችን ያሉትን ስዊቾች ሰብስቦ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ፍጥነት ለክቶ በሰንጠረዥ ማውጣት ለጥቅለላ ቤቶቹ ከማንኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው ቶርኖ፣ አምፖልና ትዕግሥት ነው።

ከአዳራሹ ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሞተሮች አስቀምጫለሁ። አንድ በአንድ አስነሥታችሁ አዳምጧቸው፤ ሲነሡ አንዴ፣ ሲቆሙ አንዴ ሊቀጩ ይገባል። ከሦስቱ አንደኛው አይቀጭም። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብቻ ከአምስት ሰከንድ በላይ እንዳታቆዩት።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።